የሜትሩን ጫፍ የያዘው ሰው

አንድ የሰው ሥራ የሚመዝን ሰው ነበረ። መንግሥት እየላከው በየከተማው ማዘጋጃ ቤት ይገባል፣ የእያንዳንዱን ሠራተኛ የሥራ መደብ ይመረምራል፣ ደረጃ ይሰጣል፤ ደመወዙም በደረጃው ይወሰናል። ልጄ፣ «ለማን ምን ያህል እንደሚገባው በምን አውቃለሁ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ወዲያው ትዝ ያለኝ ይህ ሰው ነው። አንቺ የደረጃ ኮሚቴ ውስጥ የገባሽው ባለፈው ሳምንት ነው፤ እሱ ግን ሥራውን ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርቶታል። ስለዚህ ስሕተቱን ስትሰሚ አትናቂው።

ጉቦ አይበላም። ዘመድ አይለይም። ምሳ ልጋብዝህ ላለው ሁሉ ሆዱ እየጮኸ «በልቻለሁ» ይላል። ከአፉ የማይለየው አንድ ቃል ነበረው፦ «እኔ የምመዝነው ወንበሩን ነው፤ የተቀመጠበትን ሰው አይደለም።» ደግ ቃል ነው፤ ሰው በመልኩ፣ በዘመዱ፣ በአለባበሱ እንዳይመዘን ይጠብቃል። ብቻ ወንበሩን ለመመዘን ወንበሩን ማየት ያስፈልጋል፤ እሱ ያይ የነበረው ስለ ወንበሩ የተጻፈውን ነበር። ይህን ደግሞ የነገረው ሰው አልነበረም። ማንስ ይነግረዋል? ሁሉም ደረጃ ጠባቂ ነው።

ይህ ሰው ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ተላከ። የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ስድሳ ሁለት ሠራተኞች ነበሩት፤ ደመወዛቸው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ መዛኙን የተቀበሉት እንደ ሙሽራ ነው። እሱም በመጣ በማግሥቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቅጽ አደለ። ቅጹ ላይ ትምህርት፣ ኃላፊነት፣ ድካም፣ የሥራ ቦታ ሁኔታ የሚሉ ዓምዶች አሉ፤ ሁሉም ነጥብ ነጥብ አላቸው። ከሥር ሰፊ ባዶ ቦታ ተትቶ «በሥራ መደብዎ የሚያከናውኗቸውን ተግባራት በዝርዝር ይግለጹ» ይላል።

ብዕር የሚታዘዝለት ሁሉ ጻፈ፤ እንዴት አድርጎ ጻፈ! የገቢ ደብዳቤ ተቀብሎ ማኅተም የሚመታ አንድ ጸሐፊ ነበር፤ አራት ገጽ ሞላ። «የተቋሙን የመረጃ ፍሰት አቀላጥፋለሁ፣ አስተባብራለሁ፣ እመራለሁ» አለ። ማኅተሙ ራሱ አፍ ቢኖረው ይህን ያህል አያወራም ነበር። የአትክልት ቦታው ኃላፊ ሦስት ገጽ ጻፈ፤ አትክልቱ ከደረቀ ሁለት ዓመቱ ነው። መዛኙ ሁሉንም በጥንቃቄ እያነበበ ነጥብ ሰጠ። ያነበበውን አመነ፤ ሰው በገዛ ፊርማው ሥር ይዋሻል ብሎ አላሰበም።

ከስድሳ ሁለቱ ቅጾች አንዱ ላይ ግን ያለው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «የሜትር ጫፍ እይዛለሁ።»

የጻፈው አያ ልየው የሚባል ሽማግሌ ነው። የከተማው ቀያሽ ቦታ ሊለካ ሲወጣ አያ ልየው አብሮት ይወጣና የሜትሩን አንዱን ጫፍ ይይዛል፤ ቀያሹ ጥቅሉን እየፈታ ወዲያ ማዶ ይሄዳል፣ ያነብባል፣ ይጽፋል። ሃያ ስድስት ዓመት የኖረው እንዲሁ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሰባት ቀያሾች ተቀያይረዋል፤ ጫፍ ያዡ ግን ያው እሱ ነው። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ ጡረታው ደግሞ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ዓመታት በሚያገኘው ደመወዝ ነው። እንግዲህ የእርጅና ዘመኑ እንጀራ በዚያች በአንዲት መስመር ላይ ተንጠልጥሏል።

መዛኙ አስጠራው።

«አባቴ፣ ሌላስ ምን ይሠራሉ?»

«ሌላማ ምን አለ፣ ጌታው? ያዝ ሲሉኝ እይዛለሁ፣ ልቀቅ ሲሉኝ እለቃለሁ።»

«እስቲ ያስቡበት። ቦታው ሰፊ ነው፤ ይጻፉበት።»

«የለም፣ ይበቃኛል። የተረፈውን ቦታ ለሚጽፍበት ሰው ይስጡልኝ።»

የአገራችንን ሰው ታውቂዋለሽ። ሥራውን በገዛ አፉ ካወራ ሥራው የረከሰ ይመስለዋል። ገበሬውን «ዘንድሮ ምን ያለ እህል አብቅለሃል!» ብትዪው፣ ጎተራው ሞልቶ ሳለ «ኧረ ምኑን፣ ለወፍም አይበቃ» ይልሻል። እናቶቻችን አምስት ዓይነት ወጥ ደርድረው «ምንም የለም፣ እንዲያው ቅመሱ» ይላሉ። ለእንግዳ ያምራል፤ ቅጽ ላይ ሲሆን ግን ገደል ይከታል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ደመወዝ በዝምታ ሲነቅዝ ግን እኔ ራሴ በዓይኔ አይቻለሁ። መዛኙም የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ እናቱም እንዲሁ ትል ነበር። እሷ «ምንም የለም» ስትል ማዕዱ ሙሉ እንደ ሆነ ያውቃል። ወረቀቱን ሲይዝ ግን የእናቱን ቋንቋ ረሳው።

ነጥቡን ደመረ። ትምህርት፣ አራተኛ ክፍል። ድካም፣ ጥቂት። ኃላፊነት በሚለው ዓምድ ላይ «የለም» ብሎ ጻፈ። አያ ልየው ከስድሳ ሁለቱ መጨረሻ ሆነ። መዛኙ በዚህም አላበቃም፤ «ይህን ሥራ ማንም ሊሠራው ይችላል» ብሎ መደቡ እንዲታጠፍ፣ ሰውየው ወደ ጥበቃ እንዲዛወር፣ ሜትሩንም በየዕለቱ የተገኘ ሠራተኛ እንዲይዘው ሐሳብ አቀረበ። ዝርዝሩ ማክሰኞ ዕለት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ዓርብ ተፈርሞ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከተፈረመ በኋላ የሚነካው የለም።

ያን ቀን የማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ገበያ መሰለ። ሃምሳ የሚሆን ሰው ቅሬታ አስገባ። ባለ አራት ገጹ ጸሐፊ እንኳ አንድ እርከን ቀረብኝ ብሎ ሌላ ሁለት ገጽ ጨመረ። አያ ልየው አልተሰለፈም። ሰሌዳው ሥር ቆሞ ስሙን በጣቱ ፈልጎ አገኘ፤ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። ከዚያ ወደ ዕቃ ቤት ሄደና ሜትሩን በጨርቅ ወልውሎ፣ አጥብቆ ጠቅልሎ አስረከበ። የዓርቡን ፊርማ ሳይጠብቅ፣ ከሰዓት በኋላ የጥበቃ ካፖርት ለብሶ በር ላይ ቆመ።

መዛኙ ይህን ሲነግሩት ደስ አለው። «አያችሁ፣ ቅሬታ የሌለው ሰው ልኩን ያገኘ ሰው ነው» አለ። እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እናደዳለሁ። የሚጮኸውን ሰው ጩኸቱን ሰምተው ይሰጡታል፤ ዝም ያለውን ደግሞ ዝምታውን አይተው ይነሡታል። አንጀት ያሳርራል። መዛኙ ግን ክፉ አልነበረም፤ እንዲያው ያን ቀን ሌሊቱን ጥሩ እንቅልፍ የተኛ ሰው ነው።

በማግሥቱ ረቡዕ ጠዋት ቀያሹ ቢሮው ድረስ መጣ። ቀልድ የሚወድ ሰው ነው፤ ከተማዋን ከለመዳት ግን ገና ዓመቱ ነው።

«ዛሬ የሁለት ወንድማማቾች ቦታ ልለካ ነው፤ ሜትር የሚይዝልኝ አጣሁ» አለ። «ጽዳቷ ‹የሥራ ዝርዝሬ ላይ የለም› አለችኝ። ሾፌሩ ‹መኪናውን ለማን ልተወው› አለኝ። እርስዎ ደግሞ ማንም ሊይዘው ይችላል ብለው ጽፈዋል።»

«እና እኔ ልያዘው?»

«ማንም ከተባለ እርስዎም አሉበት ብዬ ነው።»

መዛኙ ሳቀ። ኩራት ቢኖርበትም ከነገር አይሸሽም። ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለና ሜትሩን አንሥቶ ወጣ። ልብ በዪ፤ ያ ሰው በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሊመዝነው የመጣውን ሥራ ዕቃ በእጁ ሲይዝ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ቦታው ወንድማማቾቹ ከአባታቸው ያገኙት ግቢ ነው። አባትየው ልጆቹ ገና ትንንሽ ሳሉ «እኔ ስሞት እንዳትጋደሉ» ብሎ ለሁለት አስከፍሎ አስለክቶላቸዋል። ወሰኑ ላይ ድንጋይ ተተክሎ ነበር፤ አጠገቡም ወይራ ነበር። ወይራው ተቆረጠ። ድንጋዩን ጎርፍ ወሰደው፣ ወይም ሰው ወሰደው፤ እግዜር ይወቀው። ታላቁ አጥር ሊያጥር ሲነሣ ታናሹ «ወደ እኔ ገባህ» አለው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ለሠርግም ለለቅሶም አልተገናኙም። ያን ጠዋት ታላቁ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። ታናሹ መጥረቢያ ይዟል፤ እንጨት ሲፈልጥ ደርሰውበት እንደ ሆነ እንጃ። ሚስቶቻቸው በየደጃቸው፣ ጎረቤቱም በየአጥሩ ሥር ቆሞ ይጠብቃል።

የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ «ከወይራው ሥር ካለው ድንጋይ ጀምሮ እስከ አሮጌው መንገድ ጠርዝ» ይላል። ወይራም ድንጋይም የለም፤ መንገዱም ሰፍቶ አሮጌው ጠርዝ ጠፍቷል። ቀያሹ ግን ይህን ጉዳይ የሜትር ያዡ ጉዳይ አድርጎ ለምዷል፤ ጥቅሉን እየፈታ ወደ ታች ወረደና ከሩቅ ሆኖ ተጣራ።

«ወሰኑ ላይ ያኑሩት!»

«የቱ ነው ወሰኑ?» አለ መዛኙ።

«እዚህ ነው!» አለ ታላቁ በዱላው እየጠቆመ።

«ኧረ እዚያ ነው!» አለ ታናሹ።

በሁለቱ መካከል ያለው ሦስት እርምጃ ነው። መዛኙ ላስታርቅ ብሎ ጫፉን እኩል መኻሉ ላይ አኖረው። ሁለቱም በአንድ ድምፅ ጮኹበት። «አንተ ሰውዬ፣ ይህን ወሰን ደግሞ ከየት አመጣኸው?» አለ ታላቁ፤ አንቱታው በዚያች ቅጽበት ቀረ። መዛኙ ጫፉን ወደ ታላቁ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አደረገው። የታናሹ ሚስት «ኡኡ፣ በቁማችን ቀበሩን!» ብላ ጮኸች። ወደ ታናሹ መለሰው፤ ያን ጊዜ ዱላው ከመሬት ተነሣ። ታናሹም መጥረቢያውን ከትከሻው አወረደ። ርስት ይዞ የቆመ ሰው ቀልድ አያውቅም።

መዛኙ የሜትሩን ጫፍ ይዞ መኻል ላይ ቆሞ ቀረ። ማኖር አልቻለም፤ ጥሎ መሄድም አልቻለም። አንድ ስንዝር ወዲህ ካለ የአንዱ ደም፣ አንድ ስንዝር ወዲያ ካለ የሌላው ደም በእጁ ነው። ፈራ፤ ከፍርሃቱም በላይ አፈረ። ኃላፊነት በሚለው ዓምድ ላይ በገዛ እጁ የጻፈው «የለም» ትዝ አለው። ያቺ ጫፍ ከበር ቁልፍ አትከብድም፤ እሱ ግን በዕድሜው እንደዚያ የከበደ ነገር ይዞ አያውቅም።

ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ባልቴት «ልየው የታለ? ምነው ልየውን ሳትይዙ መጣችሁ?» አሉ።

ታላቁ ዱላውን ዝቅ አደረገ። «እውነት ነው። አያ ልየው ይምጣ፤ እሱ ያኖረበት ይሁን» አለ። ታናሹም «ይሁን» አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

ቀያሹ ራሱ ሮጦ አመጣው። አያ ልየው የጥበቃ ካፖርቱን እንደ ለበሰ ደረሰ። ወሰን ለመፈለግ አልቸኮለም። መጀመሪያ ሁለቱንም ሰላም አለ፤ የልጆቻቸውን ጤና በየስማቸው እየጠራ ጠየቀ፤ አባታቸውን ነፍስ ይማር አለ። ዱላና መጥረቢያ አንሥቶ «ደኅና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እያሉ እጅ መንሣት አይመችም፤ ሁለቱም የያዙትን አስቀመጡ።

ከዚያ ሽማግሌው የአባትየው አሮጌ ቤት ደፍ ላይ ቆመ። ጫማውን አወለቀ። ተረከዙን ከደፉ አስጠግቶ፣ እግርን ከእግር እያገጣጠመ፣ ከንፈሩ እየቆጠረ ወደ ታች ወረደ። አርባ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ነው» አለ። ቀያሹ ዶማ ሲያነሣ ግን ከለከለው። «አንተ አይደለህም። እነሱ ይቆፍሩ። አንዱ ይቆፍር፣ አንዱ አፈሩን ይዛቅ።»

ወንድማማቾቹ እየተኮራረፉ ክንድ ያህል ወረዱ። ከቀዩ አፈር ውስጥ ጥቁር ነገር ብቅ አለ። ከሰል ነበር፤ ሁለት ጭብጥ ይሆናል። ታላቁ ዶማውን ለቀቀ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከና ከሰሉን በጣቱ ነካካው።

«ይህን እኔ ነኝ የጨመርኩት» አለ። «አባባ እጄን ይዞኝ ነበር። አንተም ጨምረሃል። ትንሽ ነበርክ፤ እጅህን በጋቢው ጠረገልህ።»

ታናሹ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ አለቀሰ።

የአያ ልየው ልማድ ይህ ነው። ወሰን በተተከለ ቁጥር፣ ድንጋዩ ከመቀመጡ በፊት፣ ከሁለቱም ወገን ምድጃ አንዳንድ ጭብጥ ከሰል ያስመጣና በልጆቻቸው እጅ ጉድጓዱ ውስጥ ያስጨምራል። ድንጋይ ይነሣል፣ ዛፍ ይቆረጣል፤ ከሰል ግን አይበሰብስም። ልጅም በገዛ እጁ የጨመረውን ቢረሳ እንኳ ሲያየው ያስታውሳል። በከተማዋ ውስጥ እሱ ጫፍ በያዘበት ወሰን ሁሉ ሥር ከሰል አለ፤ ከየቤቱ ደፍ ስንት እግር እንደሚርቅም በቃሉ ይዞታል። ያዘዘው ሰው የለም፤ አመሰግናለሁ ያለው አለቃም የለም።

ሽማግሌው ጫፉን ከከሰሉ ላይ አኑሮ በአውራ ጣቱ ተጫነው። «ሳበው!» አለ። ቀያሹ አነበበ፣ ጻፈ፣ ነገሩ አለቀ።

ሲመለሱ መዛኙ መንገድ ላይ «አባቴ፣ ይህን ለምን በቅጹ ላይ አልጻፉትም?» አለ፤ ድምፁ ቁጣም ልመናም ነበረበት።

አያ ልየው ግራ ገባው። «ጻፍኩ እንጂ፣ ጌታው። የሜትር ጫፍ እይዛለሁ አልኩ። ጫፍ መያዝ ታዲያ ሌላ ምን አለው?»

መዛኙ ወደ ቢሮው አልገባም። በቀጥታ ወደ ሰሌዳው ሄደና ዝርዝሩን በገዛ እጁ ገነጠለው። ወደ አለቃው ደውሎ «ለዓርብ አልደርስም» አለ። አለቃው ተቆጣ፣ ዛተ፣ በመጨረሻ ሦስት ሳምንት ሰጠው።

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት መዛኙ ቅጾቹን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ከተማውን በእግሩ ዞረ። በየመደቡ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ የሚጠይቀውም ሥራው የሚደርሰውን ሰው ነው። «ይህ ሠራተኛ አንድ ወር ቢቀር ምን ትሆናላችሁ?» ይላል። ስለ ቄራው አጣቢ ሲጠይቅ ሥጋ ሻጮቹ ደነገጡ፤ «ምነው፣ ታመመ እንዴ?» አሉ። የውኃ መስመር የምትከፍተዋን ሴት ስም ሲጠራ የላይ ሰፈር ሴቶች አስቀምጠው አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩለት። ስለ ባለ አራት ገጹ ጸሐፊ ሲጠይቅ ደግሞ አንድ ባለጉዳይ አሰበና «ባለፈው ክረምት አንድ ወር ፈቃድ ወጥቶ ነበር መሰለኝ» አለ፤ «ወይስ አልወጣም?»

የማዘጋጃ ቤቱ የሰው ሀብት ኃላፊ ግን አንድ ነገር ተከራከረው። «ከሰሉ የሰውየው ደግነት እንጂ የመደቡ ሥራ አይደለም» አለው። «አንተስ የምመዝነው ወንበሩን ነው ትል የለም ወይ?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አንቺንም ይጠይቁሻል። መዛኙ «አሁንም የምመዝነው ወንበሩን ነው» አለ። «ይህን ወንበር ግን እኛ አልሠራነውም። ሰውየው ራሱ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲሠራው ኖሮ፣ እኛ ሳናየው ልናፈርሰው ነበር። እንግዲህ እንጽፈዋለን።»

ጻፈውም። ከሰሉን፣ የልጆቹን እጅ፣ ከደፍ ተነሥቶ በእግር መለካቱን ሁሉ የሥራ ዝርዝር አደረገው። ሁለት ሠራተኞች ከሽማግሌው ሥር ሆነው እንዲማሩ፣ እያንዳንዱም ወሰን በመዝገብ እንዲጻፍ አዘዘ። የመደቡን ስም «የወሰን ምልክት ተከላና ጥበቃ ባለሙያ» አለው፤ ደረጃውንም ከቀያሹ አንድ ዝቅ አድርጎ አስቀመጠው። ቀያሹ አልተቀየመም፤ ያን ጠዋት ዱላው ሲነሣ እሱም አይቷል።

አዲሱ ዝርዝር ሲለጠፍ አያ ልየው መጣና ስሙን እንደ ልማዱ ከታች ጀምሮ በጣቱ ፈለገ። ከታች የለም። ጣቱ ወደ ላይ እየወጣ፣ እየወጣ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ደመወዙን አየ፤ ደግሞ አየ። መዛኙ አጠገቡ ቆሞ ነበር።

«ምን ይላሉ፣ አባቴ?»

«ስሙ ረዘመ» አለ አያ ልየው። ከዚያ ፊቱን ዞር አድርጎ ዓይኑን ጠረገና ሜትሩን ሊያወጣ ወደ ዕቃ ቤት ሄደ።

እንግዲህ ልጄ፣ መዛኙ አንቺ ነሽ። ወረቀቱ በቦርሳሽ ያለው ነው፤ ስትገቢ አይቼዋለሁ፣ ወፍራም ነው። አያ ልየው ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ አለ፤ አንድ መስመር ጽፎ ብዕሩን የሚመልስልሽ ሁሉ እሱ ነው። ሠራተኛውን ብቻ ስለ ሥራው ከጠየቅሽ አንዱ ያጋንንልሻል፣ ሌላው ያፍርብሻል፤ ልኩን የሚነግርሽ ጥቂት ነው። ሥራው ሲጎድል የሚጎዳውን ሰው ጠይቂ። እሱም ካልበቃሽ ኮትሽን አውልቂና ጫፉን ራስሽ ያዢ፤ ክብደቱን ክንድሽ ይነግርሻል። ቅጹን ጣዪው አላልኩሽም፤ መጨረሻ ላይ ሙዪው። ደግሞም ትችያለሽ፤ የማትችዪ ብትሆኚ ኖሮ ለመጠየቅ ብለሽ ይህን ሁሉ መንገድ አትመጪም ነበር።

አሁን እኔ በተራዬ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጠዋት ጠዋት የመሥሪያ ቤታችሁን በር የሚከፍትልሽ ሰው አለ። ሰባት ዓመት ሙሉ ከፍቶልሻል። ስሙ ማን ነው?

እጅሽ ወደ ቦርሳሽ ሄደ።

በይ እንግዲያው፣ ነገ መመዘኑን ከእሱ ጀምሪ።